ቦዩ ቀድሞ ካልተቆፈረ፦ የሜልበርን ፊልምና ጌም በወረርሽኙ ዘመን

ማርች 13 ቀን 2020፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 4 ቀን 2012፣ ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኮሮና ታማሚ ማግኘቷን ያሳወቀችበት ዕለት ነው። በዚያው ዕለት ሜልበርን ከተማ የፎርሙላ ዋን መኪኖች ሊነሱ ሰዓታት ሲቀራቸው ውድድሩ ተሰረዘ። የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትርም ከ500 ሰው በላይ የሚሰበሰብበት ዝግጅት ሁሉ ከሰኞ ጀምሮ እንዲቀር አሳሰቡ። ከአንድ ቀን በፊት ደግሞ ስለ ኤልቪስ ፕሪስሊ በሚሠራ ፊልም ለመተወን ወደ ኩዊንስላንድ ሄዶ የነበረው ቶም ሃንክስ በቫይረሱ መያዙን ለዓለም ነግሯል። ጥቂት ቀናት አልፈው በአውስትራሊያ ያሉ የፊልም ካሜራዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ቆሙ።

ዛሬ የማወጋችሁ ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው። ዋና ከተማዋ ሜልበርን የሆነችው የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት በዓለም ላይ ከታዩት ረጃጅም የቤት መቀመጥ ትእዛዞች አንዱን ያሳለፈች ናት። ሜልበርን በስድስት ዙር በድምሩ 262 ቀን ተዘግታለች። ታዲያ የፊልምና የጌም ሥራዋ እንዴት ሳይፈርስ ተረፈ? አገሩ ሩቅ ነው፤ ጥያቄው ግን ቅርባችን ነው። መንግሥት አንድን ሙያ ከክፉ ቀን ለማሻገር ሲነሣ ገንዘብ ማግኘቱ ብቻ ይበቃዋል? ታሪኩን ላነበበው መልሱ አይበቃም ነው። ገንዘብ እንደ ውሃ ነው፤ የሚፈሰው ቀድሞ በተቆፈረ ቦይ ነው። ቦይ በሌለበት የተለቀቀ ውሃ ማሳውን ስቶ ያልፋል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ዶላሩም የአውስትራሊያ ዶላር ነው።)

የሽፍታው ፊልም

ሜልበርን ለፊልም አዲስ አይደለችም። ዲሴምበር 26 ቀን 1906 በከተማዋ አቴኒየም አዳራሽ፣ ስለ ሽፍታው ኔድ ኬሊና ስለ ግብረ አበሮቹ የሚተርክ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ ፊልም ታየ። የዓለም የመጀመሪያው ረጅም ተራኪ ፊልም ተብሎ የሚጠቀሰው እሱ ነው። ዩኔስኮም በ2007 በዓለም የማስታወሻ መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ዛሬ ከፊልሙ የተረፈው ግን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

መንግሥት ለዚህ አዲስ ጥበብ ያሳየው ቀዳሚ ትኩረት እገዳ ነበር። ሽፍታን ጀግና ያስመስላሉ ተብሎ በ1911 እና በ1912 በተለያዩ ክፍላተ ግዛት የሽፍታ ፊልሞች ተከለከሉ። ተመልካቹ አብዝቶ የሚወደው እነዚህን ስለነበር ምቱ ቀላል አልነበረም። ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። ከጦርነቱ በኋላ ሲኒማ ቤቶቹ በአሜሪካና በእንግሊዝ ፊልሞች ተሞሉ። 1960ዎቹ ሲደርሱ አውስትራሊያ የራሷን ረጅም ፊልም መሥራት ከሞላ ጎደል ትታ ነበር። ከሁሉ ቀድማ የጀመረች አገር ባዶ እጇን ቀረች።

መነቃቃቱ የመጣው በ1970ዎቹ፣ መንግሥት ሆን ብሎ ገንዘብ መድቦ ተቋም ሲያቆም ነው። ደቡብ አውስትራሊያ በ1972 የራሷን የፊልም ኮርፖሬሽን መሠረተች፤ ከክፍላተ ግዛቱ የመጀመሪያዋ ናት። ቪክቶሪያ በ1976 ተከተለች፤ የእሷ ተቋም ኋላ ላይ ፊልም ቪክቶሪያ የሚለውን ስም ያዘ። እውነቱን ለመናገር ሁሉም ነገር በመንግሥት ገንዘብ አልተሠራም። በሜልበርንና በዙሪያዋ ተቀርጾ በ1979 ለዓለም የወጣው ማድ ማክስ ከግል ባለሀብቶች በተሰበሰበ ገንዘብ የተሠራ ነው። ግን አንድ ማድ ማክስ የመብራት ባለሙያን፣ የድምፅ ሠራተኛን፣ የልብስ ሰፊን ዓመት ከዓመት አያኖርም። ያን የሚያደርገው የማይቋረጥ ሥራ ነው።

የተቋሙ የየዕለት ሥራ ከውጭ ሲያዩት አሰልቺ ነው። የስክሪፕት ማመልከቻ ያነባል፤ በጀት ይመረምራል፤ ማን በየትኛው ሙያ እንደተሰማራ ያውቃል፤ ቃሉን የሚጠብቀውን ፕሮዲዩሰር ከማይጠብቀው ይለያል። ይህ እውቀት በአንድ ጀምበር አይገዛም። በወረርሽኙ ጊዜ ዋጋው የታየውም እሱ ነው።

የጌም ሠሪዎቹ የመጀመሪያ ክፉ ቀን

የጌሙም ታሪክ ከሚታሰበው በላይ ረጅም ነው። በ1980 ሜልበርን ውስጥ ቢም ሶፍትዌር የተባለ ኩባንያ ተመሠረተ። ከሁለት ዓመት በኋላ የቶልኪንን ዘ ሆቢት ወደ ኮምፒውተር ጌም ለውጦ አወጣ። ከሠሪዎቹ አንዷ ቬሮኒካ ሜግለር ያኔ የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ጌሙ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ አገር በሰፊው ተሸጠ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የአውስትራሊያ ስቱዲዮዎች ዋና እንጀራ የውጭ ትእዛዝ ሆነ። የአሜሪካ አሳታሚዎች በፊልምና በካርቱን ላይ የተመሠረቱ ጌሞችን ያዝዛሉ፤ የአውስትራሊያ ስቱዲዮዎች ይሠራሉ። ሥራው ጥሩ፣ ዋጋው ደግሞ ርካሽ ነበር፤ ምክንያቱም የአውስትራሊያ ዶላር ከአሜሪካው በብዙ ያንስ ነበር። በ2008 የዓለም የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ አሳታሚዎቹ ትእዛዝ መቀነስ ጀመሩ። በ2010 መገባደጃ ደግሞ በማዕድን ሽያጭ የበረታው የአውስትራሊያ ዶላር ከአሜሪካው ጋር እኩል ሆነ። ርካሽነቱ ጠፋ፤ ትእዛዙም አብሮ ጠፋ። ከቢም ሶፍትዌር የወረደው የሜልበርን ስቱዲዮ በ2010 ተዘጋ። በ2011 ብሉ ታንግ የተባለው ሌላው የከተማዋ ስቱዲዮ ተከተለው። በሰሜን በብሪዝበንም ትልልቆቹ አንድ በአንድ ወደቁ።

ሥራ ያጡት ሰዎች ሁለትም ሦስትም እየሆኑ የራሳቸውን ትንንሽ ጌም መሥራት ያዙ። ዘመኑ ለዚህ ይመቻል፤ በስልክና በኢንተርኔት መደብር ያለ አሳታሚ መሸጥ ተችሏል። የጎደላቸው አንድ ነገር ነበር፤ ጌሙ እስኪያልቅ ድረስ የሚያኖራቸው ገንዘብ። ባንክ ደግሞ በሐሳብ መያዣነት አያበድርም።

አንዱ ሲያፈርስ ሌላው ሲያቆይ

እዚህ ላይ የታሪኩ ዋና መገንጠያ ይመጣል። አውስትራሊያ ውስጥ እንደ እኛው ፌዴራል መንግሥት አለ፤ ክፍላተ ግዛትም አሉ። ለፊልም ፕሮዲዩሰሮች ፌዴራል መንግሥቱ ከ2007 ጀምሮ ለረጅም ፊልም ካወጡት ወጪ 40 በመቶውን በግብር በኩል ይመልስላቸው ነበር። ጌም ግን ከዚህ ውጭ ተደርጎ ኖረ። በኖቬምበር 2012 የያኔው መንግሥት ለጌም ሠሪዎች በሦስት ዓመት የሚሰጥ የ20 ሚሊዮን ዶላር ፈንድ አወጀ። በሜይ 2014 ሥልጣን ላይ የነበረው ሌላ ፓርቲ ነው። በመጀመሪያ በጀቱ ፈንዱን ሰረዘው፤ ከገንዘቡ ግማሽ ያህሉ ገና አልተሰጠም ነበር። የፓርላማው የላይኛው ምክር ቤት ኮሚቴ በ2016 ጉዳዩን መርምሮ ድጋፉ እንዲመለስ ሐሳብ አቀረበ። የመንግሥት መልስ የመጣው በ2018 መጀመሪያ ነው። መልሱም ሐሳቡን ከመመዝገብ ያለፈ አልነበረም።

ቪክቶሪያ ሌላ መንገድ ያዘች። ፊልም ቪክቶሪያ ለጌም የሚሰጠውን ድጋፍ ቀጠለ። ገንዘቡ ትልቅ አልነበረም፤ ለትንሽ ቡድን ጌሙን ሠርቶ ገበያ ለማድረስ የሚያግዝ ያህል ነው። ቁም ነገሩ አለመቋረጡ ላይ ነው። በ2014 መጨረሻ የክፍለ ግዛቷ ሥልጣን ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው ሲዛወር ፕሮግራሙ ከነሥሩ አልተነቀለም። በሌላ ክፍለ ግዛት የሚኖሩ ጌም ሠሪዎች ጓዛቸውን ይዘው ወደ ሜልበርን ይመጡ ጀመር። በ2013 በከተማዋ ደቡብ በኩል ትንንሽ ስቱዲዮዎች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠሩበት ዘ አርኬድ የተባለ ቦታ ተከፈተ።

ውጤቱ ቀስ ብሎ ታየ። በ2014 ሦስት ሰዎች የሠሩት ክሮሲ ሮድ የተባለ የስልክ ጌም በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት 50 ሚሊዮን ጊዜ ወደ ስልክ ተጫነ። በሴፕቴምበር 2019 ደግሞ ከፊልም ቪክቶሪያ ድጋፍ ያገኙ አራት ልጆች መንደርተኛውን የምታስቸግር አንዲት ተንኮለኛ ዝይ ገጸ ባሕርይ አድርገው አንታይትልድ ጉስ ጌምን አወጡ። ዓመቱ ሳያልቅ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። በፌብሩዋሪ 2020 ላስ ቬጋስ ላይ የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎ ተሸለመ። በማርች ሌላ ትልቅ ሽልማት ሲጨመርለት ግን ዝግጅቱ በአዳራሽ መሆኑ ቀርቶ በኢንተርኔት ሆነ። ዓለም መዘጋት ጀምራ ነበርና።

89 ቢሊዮኑ ማንን ዘለለ?

ፊልም ቀረጻን ያየ ሰው ወረርሽኝ ለምን ከማንም በፊት እንደሚመታው ይገባዋል። አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሃምሳ ስልሳ ሰው ይታጨቃል። ሜካፕ የምትቀባዋ ባለሙያ ከተዋናዩ ፊት ከአንድ ክንድ በታች ትቀርባለች። የድምፅ ሠራተኛው ማይክሮፎን በልብስ ውስጥ ያስገባል። ተዋንያን ይተቃቀፋሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አብዛኛው ሠራተኛ ቋሚ ቅጥር የለውም። ስድስት ሳምንት እዚህ፣ ሦስት ወር እዚያ እየሠራ ነው የሚኖረው።

የፌዴራሉ መንግሥት በማርች 30 ቀን 2020 ጆብኪፐር የተባለውን ፕሮግራም አወጀ። ሥራው የቆመበት ቀጣሪ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በሁለት ሳምንት 1,500 ዶላር እየተሰጠው ደመወዝ ይከፍላል። ጠቅላላ ወጪው በመጨረሻ 89 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። በአገሪቱ ታሪክ እንዲህ ያለ የደመወዝ ድጎማ ታይቶ አይታወቅም፤ ብዙ ቤተሰብንም አድኗል። ነገር ግን ጊዜያዊ ሠራተኛ ድጋፉን ለማግኘት በአንድ ቀጣሪ ዘንድ ቢያንስ 12 ወር የሠራ መሆን ነበረበት። የፊልም ሠራተኛ ኑሮ ደግሞ ከቀጣሪ ወደ ቀጣሪ መዞር ነው። ሃያ ዓመት ያለማቋረጥ የሠራ የካሜራ ረዳት በወረቀቱ ዓይን ሥራ እንደሌለው ሰው ሊታይ ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ የሚኖሩ የውጭ ዜጎችም በአብዛኛው ከድጋፉ ውጭ ነበሩ።

ይህ በክፋት የሆነ አይመስለኝም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች በዓይነ ሕሊናቸው ያዩት ፋብሪካና ሱቅ ነበር። ስለ ቀረጻ ሥራ የሚያውቅ ሰው ከጠረጴዛው አጠገብ አልነበረም። ከወረርሽኙ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በፌብሩዋሪ 2020፣ የኪነ ጥበብ ጉዳይ ከትራንስፖርትና ከመሠረተ ልማት ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት ተጠቃሎ፣ ኪነ ጥበብ የሚለው ቃል ከመሥሪያ ቤቱ ስም ወጥቶ ነበር።

እርዳታ ተብሎ የመጣ ጉዳትም ነበር። ማስታወቂያ የደረቀባቸውን የግል ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለማገዝ መንግሥት በኤፕሪል 2020 ጣቢያዎቹ አዲስ የአገር ውስጥ ድራማ፣ ዶክመንተሪና የልጆች ፕሮግራም እንዲያሳዩ የሚያስገድደውን ግዴታ ለዓመቱ አነሣ። ጣቢያዎቹ እፎይ አሉ። ፕሮግራሙን ሠርተው የሚሸጡላቸው ትንንሽ ፕሮዲዩሰሮች ግን ጨለማው ባጠላባቸው ጊዜ ዋና ገዢያቸውን አጡ። ለአንዱ የተሰጠው ከሌላው መሶብ የወጣ ነበር።

የኢንሹራንሱ ቋጠሮ

ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ሲገቡበት ምን እንደሚመስል ደግሞ ተመልከቱ።

በዚያው ኤፕሪል መጨረሻ፣ ሜልበርን ውስጥ ከ1985 ጀምሮ ይሠራ የነበረው ኔበርስ የተባለው ተከታታይ ድራማ ቀረጻውን ቀጠለ። ሠራተኞቹ እርስ በርስ እንዳይቀላቀሉ በቡድን ተከፋፈሉ፤ አንዱ ቢታመም ሌላው ቡድን ሥራውን እንዲቀጥል ነው። መሳሳምና መተቃቀፍ ከስክሪፕቱ ወጣ። ካሜራው በአቀማመጡ ተዋንያኑን ያቀራርባቸዋል፤ በመሬት ላይ ግን ተራርቀው ይቆማሉ። ያን ጊዜ በዓለም ላይ ሥራ ከቀጠሉ ጥቂት ድራማዎች አንዱ እሱ ነበር። በሜይ ወር ደግሞ የዘርፉ ሰዎች ተሰብስበው ለመላው አገሪቱ ቀረጻ የሚሆን የጥንቃቄ መመሪያ አወጡ።

መመሪያው ቢኖርም ታላላቆቹ ቀረጻዎች አልተነሡም። ምክንያቱ ኢንሹራንስ ነው። ፊልም የሚሠራው በብድርና በቅድሚያ ሽያጭ ነው። ባንኩ ገንዘቡን የሚለቀው ፊልሙ እንደሚያልቅ ዋስትና ሲያገኝ ነው፤ ዋስትናው የሚሰጠው ኢንሹራንስ ሲኖር ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያዎቹ ደግሞ በኮሮና ምክንያት ለሚመጣ መቋረጥ አንከፍልም አሉ። ስለዚህ ስክሪፕቱ ተዘጋጅቶ፣ ተዋናዩ ተስማምቶ፣ ገንዘቡ ተገኝቶ እንኳ ቀረጻ መጀመር አይቻልም። ይህን ቋጠሮ ከውጭ ያለ ሰው አያየውም።

በጁን 25 ቀን 2020 የፌዴራሉ መንግሥት ከ250 ሚሊዮን ዶላር የኪነ ጥበብ ድጋፍ ውስጥ 50 ሚሊዮኑን ለዚህ ብቻ መደበ። ገንዘቡ ለማንም በእጅ አልተሰጠም። በኮሮና ምክንያት ቀረጻው የተቋረጠበት የአገር ውስጥ ፊልም ካለ ኪሳራው ከዚህ ፈንድ ይሸፈናል የሚል ዋስትና ነው። አስተዳደሩም ለፊልሙ ዘርፍ አገር አቀፍ ተቋም፣ ለስክሪን አውስትራሊያ ተሰጠ። ባንኮቹ ልባቸው ሞላ፤ ፕሮዲዩሰሮቹ ቀን ቆረጡ። ከ89 ቢሊዮኑ ጋር ሲተያይ 50 ሚሊዮን ከባሕር ጭልፋ ነው። ግን ትክክለኛው ቋጠሮ ላይ አረፈ።

በክፍለ ግዛቱም ደረጃ ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። ቪክቶሪያ በኤፕሪል 2020 ለፈጠራ ሥራ ዘርፉ 16.8 ሚሊዮን ዶላር የመትረፊያ ድጋፍ አወጀች። የሜልበርን ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል የ2020ውን 69ኛ ዝግጅት ሰርዞ፣ በምትኩ 68½ የሚል ቁጥር ሰጥቶ ፊልሞቹን በኢንተርኔት ለየቤቱ አደረሰ። ዋናው ነገር ግን ፊልም ቪክቶሪያ አዲስ ቢሮ መክፈት፣ አዲስ ሠራተኛ መቅጠር፣ አዲስ መስፈርት መጻፍ ሳያስፈልገው መቆየቱ ነው። ማመልከቻ የሚቀበልበት መንገድ ነበረው፤ አመልካቾቹን ያውቃቸዋል፤ እነሱም በሩን ያውቁታል።

ከቤት የተሠሩት ጌሞች

ጌም ሠሪዎቹ ከፊልሞቹ የተሻለ ዕድል ነበራቸው። ኮምፒውተራቸውን ተሸክመው ወደ ቤት ገቡ። ገዢያቸው በአብዛኛው ውጭ አገር ነው፤ የሚሸጡትም በኢንተርኔት ነው። ቤት የተዘጋበት የዓለም ሕዝብ ደግሞ ከወትሮው አብልጦ ይጫወት ነበር። የዘርፉ ማኅበር በየዓመቱ በሚያወጣው ጥናት መሠረት የአውስትራሊያ ጌም ሠሪዎች ገቢ በ2019–20 በጀት ዓመት 184.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2020–21 ወደ 226.5 ሚሊዮን፣ በ2021–22 ወደ 284.4 ሚሊዮን አደገ። የሙሉ ጊዜ ሠራተኞቹም ከሁለት ሺህ አለፉ። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘችው ቪክቶሪያ ናት።

ይህን ቁጥር አይቶ ወረርሽኙ ለጌም ጠቀመ ብሎ መደምደም ይቀላል። እኔ ግን ወደ 2014 መለስ ብላችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ። ያን ዓመት ቪክቶሪያም እንደ ፌዴራሉ መንግሥት እጇን አጥፋ ቢሆን ኖሮ፣ በ2020 ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ወደ ቤት የሚገባ ቡድን ከየት ይመጣ ነበር? ገበያው ሲከፈት የተጠቀመው ዘርፍ በደረቁ ዓመታት ሳይበተን የቆየው ነው። በሜልበርን የተሠራውና በኦገስት 2022 የወጣው ከልት ኦቭ ዘ ላም በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ተጫዋች አገኘ። እንዲህ ያለ ሥራ ዓመታት ይፈጃል፤ ከተማው በተዘጋበት ጊዜም ሲሠራ የነበረ ነው።

ፌዴራሉም በመጨረሻ ተመለሰ። በ2021 ለጌም 30 በመቶ የግብር ተመላሽ እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ ሕጉ ግን የጸደቀው በ2023 ነው። ቪክቶሪያ በ2021 ለፊልምና ለጌም ዘርፏ የአራት ዓመት የ191.5 ሚሊዮን ዶላር ዕቅድ አወጣች። ፊልም ቪክቶሪያም ስሙን ወደ ቪክስክሪን ለወጠ።

ስልክ ቁጥራቸው ያልተያዘ ሰዎች

ታሪኩን እዚህ ላይ ብዘጋው የተሟላ አይሆንም። ያው የቪክቶሪያ መንግሥት፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ከተማ ሌላም ነገር አድርጓል፤ የእኛንም ሰዎች ይመለከታል።

ቅዳሜ ጁላይ 4 ቀን 2020 ከሰዓት በኋላ በሰሜን ሜልበርንና በፍሌሚንግተን ያሉ ዘጠኝ የመንግሥት ኪራይ ፎቆች በድንገት ተዘጉ። ሦስት ሺህ ያህል ሰው ይኖርባቸዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። የቀረው ከተማ ሰዓት ተሰጥቶት ሲዘጋጅ፣ እነሱ ግን በየመግቢያው የቆመ ፖሊስ ነው ያዩት። ስምንቱ ፎቆች ከአምስት ቀን በኋላ ተከፈቱ፤ በአንዱ ያሉት ግን ሁለት ሳምንት ቆዩ። የክፍለ ግዛቷ እንባ ጠባቂ በዲሴምበር ባወጡት ሪፖርት፣ ያ ድንገተኛ አዘጋግ የጤና ባለሙያዎች በቀጥታ የመከሩት እንዳልነበረና ከክፍለ ግዛቷ የሰብአዊ መብት ሕግ ጋር እንደሚጋጭ ገለጹ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነዋሪው በቋንቋው የሚያስረዳው አስተርጓሚ እንኳ በወጉ አልተዘጋጀለትም ነበር። ክፍተቱን የሞሉት ምግብና መድኃኒት እያሰባሰቡ፣ ስልክ እየደወሉ የዋሉት የማኅበረሰቡ ወጣቶች ናቸው።

ለምን አመጣሁት? ገንዘብም ሥልጣንም ያለው ያው አንድ መንግሥት ነው። ጌም ሠሪውን በስሙ ያውቀዋል፤ ማመልከቻው ዴስኩ ላይ አለ። አሥረኛ ፎቅ ላይ ያለችውን እናት ግን የሚያውቅበት መስመር አልነበረውም። ቦይ ባለበት ድጋፍ ደረሰ፤ ቦይ በሌለበት ፖሊስ ደረሰ።

እና እኛስ?

ሀብታም አገር ስለሆነች ነው የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሀብቱማ አለ። ግን ከቪክቶሪያ የሚበልጥ ካዝና ያለው ፌዴራሉ መንግሥት ነው ፈንዱን በ2014 የሰረዘው፤ 89 ቢሊዮኑም ነው የካሜራ ረዳቱን የዘለለው። ልዩነቱን የፈጠረው የካዝናው ስፋት ብቻ አይደለም።

መንግሥት ከጥበብ እጁን ያንሣ የሚልም ይኖራል። ስጋቱ የተገባ ነው፤ የሽፍታ ፊልሞቹን የከለከለው እጅ ያው እጅ ነው። ስለዚህም ነው ፊልም ቪክቶሪያ የራሱ ቦርድ ያለው፣ በሕግ የቆመ ተቋም የሆነው። ገንዘብ ሰጪው መንግሥት ነው፤ ስክሪፕት መራጩ ግን ሚኒስትሩ አይደለም።

እኛም በደርግ ዘመን የተቋቋመ የፊልም ኮርፖሬሽን ነበረን፤ ከሥርዓቱ ለውጥ በኋላ ፈረሰ። ፊልማችን ከዚያ ወዲህ ያደገው በአብዛኛው በግለሰቦች ኪስና ድፍረት ነው፤ ምስጋናው ለእነሱ ነው። ግን መጋቢት 2012 ላይ የሕዝብ መሰብሰቢያው ሁሉ ሲዘጋ፣ ስንት የመብራት ባለሙያ፣ ስንት ኤዲተር፣ ስንት የሲኒማ ቲኬት ሻጭ ሥራ እንዳጣ በስም ዝርዝር የሚያውቅ ማን ነበር? ለመርዳት የፈለገ ባለሀብት ቢመጣ እንኳ በየትኛው በር ይገባ ነበር?

ለዚህ ቢሊዮን አያስፈልግም። የባለሙያዎቹን መዝገብ መያዝ፣ መስፈርቱ በይፋ የተጻፈ ትንሽ ግን ቋሚ ፈንድ መመደብ፣ የዘርፉን ቋጠሮ የሚያውቁ ሰዎችን በአንድ ቢሮ ማቆየት፣ ሹም በተቀየረ ቁጥርም ያን ቢሮ አለማፍረስ ነው። ቪክቶሪያ ለጌም ያደረገችው ከዚህ ብዙም አይበልጥም። የሚቀጥለው ክፉ ቀን ወረርሽኝ ይሁን ሌላ፣ መቼ እንደሚመጣ አይነግረንም። ቦይ የሚቆፈረው ደግሞ በበጋ ነው።